በውሃ ውስጥ ስፖርት የአሠልጣኙን ፍጥነት ሳይሆን የራስዎን አቅም ይከተሉ

ማለዳ 1፡00 ሰዓት ላይ በመዋኛ ገንዳ ዳር የቆመ አሠልጣኝ ያስቡ። ሙዚቃው ከፍ ብሏል፤ እሱ ይዘላል፣ ያጨበጭባል፣ «ጉልበት ወደ ላይ!» እያለ ያበረታታል። እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ የገቡ እናቶችና አባቶችም ይከተሉታል። የውሃ ውስጥ ኤሮቢክስ ይህ ነው። ጥልቀት በሌለው ውሃ፣ እግር ወለል እየረገጠ ስለሚሠራ የግድ ዋና መቻልን አይጠይቅም።

ብዙዎቻችን ጉልበታችንን ወይም ወገባችንን ሲያመን «ከእንግዲህ ስፖርት ለእኔ አይሆንም» ብለን እንቀመጣለን። መቀመጡ ግን ጡንቻን ያደክማል፣ ክብደትን ይጨምራል፤ ሕመሙንም ያብሳል። ውሃ ከዚህ አዙሪት ለመውጣት ይረዳል። እስከ ወገብዎ ውሃ ውስጥ ሲቆሙ እግርዎ የሚሸከመው የክብደትዎን ግማሽ ያህል ነው፤ እስከ ደረትዎ ሲገቡ ደግሞ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። በአንጻሩ ውሃው እንቅስቃሴን ስለሚገታ ጡንቻ ብረት ሳያነሱም ይሠራል።

ጥንቃቄው እዚህ ላይ ነው። አሠልጣኙ የቆመው ደረቅ ወለል ላይ ነው፤ እርስዎ ግን ውሃ ውስጥ ነዎት። በእሱ ፍጥነት ልሂድ ካሉ ጉዳት ያስከትላል። ጎበዝ አሠልጣኝ ብዙ የሚዘል ሳይሆን ፍጥነቱን በሠልጣኞቹ ልክ የሚመጥን፣ ስለ ጤናቸው አስቀድሞ የሚጠይቅ፣ ዓይኑንም ከገንዳው የማይነቅል ነው። እየሠሩ መነጋገር ካቃተዎ ይቀንሱ። የደረት ሕመም፣ ማዞር ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከተሰማዎ ወዲያውኑ ያቁሙ፤ ለአሠልጣኙም ይንገሩ።

የልብ ሕመም፣ በቁጥጥር ሥር ያልዋለ የደም ግፊት ወይም የሚጥል በሽታ ካለብዎ አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ። የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ እግርዎን ከመግባትዎ በፊትና ከወጡ በኋላ ይመልከቱ። ያልዳነ ቁስል ወይም ተቅማጥ ካለብዎ ገንዳ አይግቡ። ውሃ ውስጥም ያልባልና የሚጠጣ ውሃ ይያዙ።

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በሳምንት ሦስት ማለዳ፣ 50 ደቂቃ መሥራት ይህን ይሞላል። ውሃ ክብደትን ስለሚያቀል ግን ለአጥንትዎ ጥንካሬ የሚችሉትን ያህል በእግርዎ መሄድንም አይተዉ።

የገንዳ መግቢያ ዋጋ ለብዙ ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም። ገንዳ ያላቸው ሆቴሎችና የስፖርት ማዕከላት እንግዳ በማይበዛባቸው ማለዳዎች ለአረጋውያን በተመጣጣኝ ክፍያ በራቸውን ቢከፍቱ፣ ቤት የዋለ ብዙ ጉልበት ዳግም ይንቀሳቀሳል።