ለቡናው አበባ የሚናገር ትንበያ

በጋው ሊወጣ ሲል የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የበልጉን ትንበያ ይፋ ያደርጋል። ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጥለው ዝናብ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ በመቶኛ ተከፍሎ ይነገራል። ጅማ በዜናው ውስጥ የምትጠራው ከኢሉ አባ ቦርና ከወለጋ ዞኖች ጋር በአንድ ትንፋሽ ነው። ደቡብ ምዕራቡ የአገሪቱ ዝናባም ጥግ ስለሆነ መልእክቱ አብዛኛውን ጊዜ ያረጋጋል፤ ሰሚውም «እኛስ ደህና ነን» ብሎ ሬዲዮኑን ይዘጋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው መረጋጋት ነው። በጅማ ዞን የአጋሮ፣ የሊሙ ገነት፣ የጌራና የየቡ ሰው ቡናውን የሚያጣው ዝናቡ በሚገባባቸው ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነውና።

ጅማና ዙሪያዋ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ያገኛሉ፤ የካቲት ወይም መጋቢት ላይ የጀመረው እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። የአራት ወር ዝናብ ተደምሮ ሲነገር ለወሎው በልግ አብቃይ ብዙ ይነግረዋል፤ ለቡና ገበሬ ግን እምብዛም አይጠቅመውም። ቡና የሚፈልገው ዝናቡ በምን አኳኋን እንደሚመጣ ነው። በበጋው ድርቀት እምቡጡ ቅርንጫፉ ላይ ተኝቶ ይከርማል። የመጀመሪያው ጠንካራ ዝናብ ሲያርሰው ይነቃል፤ ከስምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ማሳው ነጭ ይለብሳል፣ ሽታው ገና ከመንገድ ይቀበላችኋል፣ ንቡ ይተማል። አበባው የሚቆየው ሁለት ሦስት ቀን ነው።

የዓመቱ ገቢ የሚወሰነው በእነዚህ ቀናትና ተከትለው በሚመጡት ሳምንታት ነው። ዝናቡ የካቲት ላይ አንዴ ጥሎ ለሦስትና ለአራት ሳምንት ቢጠፋ አበባው ይጠወልጋል፤ ገና መያዝ የጀመረው ፍሬም ይረግፋል። እያካፋ ቢንጠባጠብ ደግሞ እምቡጡ በየተራ ይፈነዳል፤ በየተራ የፈነዳው በየተራ ይቀላል። ኅዳር ላይ ለቀማ የወረደ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ቀዩ፣ አረንጓዴውና የደረቀው ጎን ለጎን ይገኛሉ። ለቃሚው ወደዚያው ዛፍ ደጋግሞ ይመለሳል፣ የጉልበት ክፍያው ይጨምራል፤ ሰልችቶት ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚያራግፍ ካለ ያልበሰለው ከበሰለው ተደባልቆ የጅማን ቡና ስም ያበላሻል። «ወደ መደበኛ ያዘነበለ» የተባለ በልግ ይህን ሁሉ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ትንበያውም ልክ ሆኖ ይገኛል።

ስለ ነፋሱና ስለ በረዶው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው የሚነገረን። በበልግ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚገባው እርጥብ አየር ጠዋት በፀሐይ በጋለው ምድር ላይ ይሞቃል፣ ተራራውን ይዞ ሽቅብ ይወጣል፣ ከቀኑ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደመናው ይቆለላል። ከደመናው የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር መሬት ሲደርስ ወደ ጎን ይፈነጠራል፤ ከዝናቡ ቀድሞ አቧራውን የሚያስነሳው፣ ምስማሩ የላላውን ቆርቆሮ የሚገነጥለው ያ ነፋስ ነው። የጥላ ዛፉም ቅርንጫፍ ተሰብሮ ሥሩ ያለውን ቡና ይዞ ይወርዳል። በረዶ ሲከተለው የባሰ ነው። በረዶ የመታው ማሳ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው ቅጠሉ ላይ ነው፤ ወንፊት ሆኗል። ጠጋ ብዬ ቅርንጫፉን ሳየው በረዶው በመጣበት በኩል ልጣጩ ተልጧል፣ ፍሬ ሊይዝ የነበረው አንጓ ባዶውን ቀርቷል፣ አበባው ጭቃው ላይ ጠቁሮ ተለጥፏል። በሌላው ጎን ያለው አንጓ ግን እንደነበረ አለ። በረዶ በጠባብ መሬት ላይ ስለሚወርድ የጎረቤት ማሳ ሳይነካ ሊቀር ይችላል፤ ጉዳቱ በወረዳ ደረጃ ሲደመርም ይሟሟል። የአንድ ቤተሰብ ዓመት ግን አልቋል።

ብራዚል ውስጥ ድርቅ ቡናን ሲመታ ዓለም በሙሉ ይሰማል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. የአረቢካ ዋጋ በኒው ዮርክ ገበያ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ታሪካዊ ክብረ ወሰን ሲያስመዘግብ፣ ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ የተነገረው የብራዚል ድርቅ ነበር። ጅማ ውስጥ ጎማ ወረዳ ላይ የወረደ በረዶ ግን ከቀበሌው አልፎ አይሰማም።

የጫካ እሳትንም ከዚሁ የትንበያ ጉድለት ጋር አንድ ላይ አየዋለሁ። ጫካችን እርጥብ ነው፣ አይነድም የሚል እምነት አለ። በጋው በረዘመበት ዓመት ግን የካቲት ላይ ቡናው ሥር ያለው ቅጠል ደርቆ ይንኮሻኮሻል። ያኔ ነው ገበሬው ዝናቡ ሳይገባ ማሳውን መንጥሮ የሚያቃጥለው፤ ማር ቆራጩም ዛፍ ላይ ወደተሰቀለው ቀፎ ጭስ ይዞ ይወጣል። የከሰዓቱ ነፋስ የሚጀምረውም በእነዚሁ ሳምንታት ነው። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና የተነሣው ሰደድ እሳት ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ደን አውድሟል፤ ለማጥፋት ከደቡብ አፍሪካ ሳይቀር ባለሙያ መጥቷል። በ2011 ዓ.ም. ሰሜን ተራሮች ሲነድ ደግሞ ከእስራኤል አጥፊዎች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር ተጠይቆ ነበር። በጅማው በለጤ ጌራ ደን ላይ እንዲህ ያለ ቀን ቢመጣ ዱር በቀሉን ቡና ማንም መልሶ አይተክለውም። ደኑን የሚጠብቁት ዋቡብ የሚባሉት የነዋሪዎች ማኅበራት፣ በጃፓኑ የልማት ድርጅት ጃይካ ፕሮጀክት ጊዜ የተደራጁት፣ እዚያው ደኑ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ነፋስ የሚበረታበትን ቀን ከዋዜማው ቢሰሙ ምንጠራው በዚያ ቀን እሳት እንዳያይ ማድረግ ይችላሉ።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። ከጥር መጨረሻ እስከ ግንቦት በየአሥር ቀኑ ለቡና ወረዳዎች ብቻ የሚወጣ አጭር መልእክት ይኑር፤ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ። የመጀመሪያው ጠንካራ ዝናብ መቼ እንደሚጠበቅ፣ ከዚያ በኋላ የሚያቋርጥ መሆን አለመሆኑን፣ በረዶና ብርቱ ነፋስ የሚያሰጋበትን ቀን፣ እሳት የማይለኮስበትን ቀን ይናገር። ዕድሉ በመቶኛ ከሆነ በመቶኛ ይነገር፤ ገበሬው በዕድል መወሰን ለዘመናት ያውቅበታል። ደመናውን የሚከታተለው ኢንስቲትዩቱ ነው። አበባው መቼ እንደሚፈነዳ የሚያውቀው የመልኮው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ሬዲዮ መልእክቱን ያደርሳል፤ የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ደግሞ ማሳው ድረስ ይዞት ይሄዳል።

የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ አንቶኒዮ ጉተሬዝ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2022 ይፋ ያደረጉት ዕቅድ በዚያው አቆጣጠር በ2027 የምድር ሰው ሁሉ የቅድሚያ ማስጠንቀቂያ እንዲደርሰው ይላል። ቀኑ ቀርቧል። ኢንስቲትዩቱና መልኮ ከሚቀጥለው ጥር በፊት አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡና የመጀመሪያውን መልእክት ለጎማና ለጌራ ያውጡ።