ጠረጴዛው ላይ ያለችው ቀዳዳ

ዛሬ ስለ አንድ የቤት ዕቃ ላወያያችሁ ፈልጌአለሁ። ዕቃው ጠረጴዛ ነው። ምግብ የሚቀርብበት ወይም ልጆች የቤት ሥራ የሚሠሩበት ሳይሆን፣ የእጅ ሥራ የሚወዱ ሰዎች በካዚኖ አምሳል ሠርተው በሳሎናቸው፣ በማሕሳናቸው ወይም በበረንዳቸው የሚያኖሩት፣ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ የካርታ መጫወቻ ነው።

በማኅበራዊ ሠራተኛነት ብዙ ዓመት አገልግያለሁ። በሥራዬ ምክንያት ሰው ቤት ስገባ አስቀድሜ የማየው ማቀዝቀዣውንና የልጆቹን መኝታ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን እንዲህ ያለ ጠረጴዛ በሦስት ቤት አጋጥሞኛል። ሦስት ቤት ብዙ አይደለም። ማኅበረሰቡ ቁማርተኛ ሆነ ለማለት አይበቃም፤ እንዲያ ሊጽፍብን የሚፈልግ ጋዜጠኛ ቢመጣም እኔን ምስክር አያገኝም። ይሁን እንጂ በሦስቱም ቤት የሰማሁት ቃል አንድ ዓይነት በመሆኑ ልጽፍ ተነሣሁ። ቃሉም «ሩቅ ሄጄ ገንዘቤን ለማላውቀው ሰው ከማስረክብ፣ ቤቴ ከወንድሞቼ ጋር ብጫወት ምን አለበት? ጠረጴዛውንም የሠራሁት በገዛ እጄ ነው» የሚል ነው።

ሥራው የሚያስመሰግን መሆኑን አልክድም። አንደኛው ባለቤት፣ ቀን ቀን በመጋዘን ሣጥን ሲያነሡ የሚውሉ አባወራ፣ እንዴት እንደሠሩት አንድ በአንድ አስረድተውኛል። አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ ይገዛል፤ ርዝመቱ 244፣ ወርዱ 122 ሳንቲሜትር፣ ውፍረቱ 18 ሚሊሜትር። ከሁለቱ ጫፍ 61 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ምስማር ይመታና በሲባጎ ግማሽ ክብ ይሣላል፤ ከዚያም ማዕዘኖቹ በኤሌክትሪክ መጋዝ ይቆረጣሉ። ዙሪያው ከ6 ሜትር ጥቂት ስለሚበልጥ ስምንት ሰው ክርን ለክርን ሳይነካካ ይቀመጣል፤ ቢጠጋጉ ዐሥር ይሆናሉ። በላዩ ስስ ስፖንጅ ይነጠፋል፣ በስፖንጁ ላይ ጨርቁ ይወጠራል። እዚህ ላይ ጥበብ አለ። ጨርቁ ከመሃል ወደ ዳር እየተሳበ በግራና በቀኝ በተራ ከሥር ካልተመታ ይጨማደዳል፤ የተጨማደደ ጨርቅ ላይ ደግሞ ካርታ አይንሸራተትም። በመጨረሻ ዙሪያውን የክርን ማሳረፊያ ይደረግለታል፤ ወፈር ያለ ስፖንጅ በፕላስቲክ ቆዳ ተሸፍኖ ማለት ነው። እግሮቹ ታጣፊ ናቸው።

እውነቱን ለመናገር ዕቃው ያምራል። አባቶቻችን በጎንደር አገር በቀጥቃጭነት፣ በአናጢነትና በግንበኝነት የታወቁ ነበሩ፤ የነገሥታቱ ግንቦች ሲሠሩም እጃቸው እንደነበረበት ይነገራል። የእጅ ሙያ ያለው ሰው ቀኑን ሙሉ «አንሣ፣ አውርድ» ሲባል ውሎ ማታ አንድ ነገር ከሐሳቡ አውጥቶ ቢሠራ ለክብሩ መድኃኒት ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ቶሎ አያዩትም። ጠረጴዛውን ሲያዩ ችግሩን ብቻ ይጽፋሉ፤ እኔ ግን መጀመሪያ ሰውየውን «እጅዎ ይባረክ» ማለት ይገባል ባይ ነኝ።

ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ካርታ የሚያድለው ሰው በሚቀመጥበት በኩል በጨርቁና በእንጨቱ ውስጥ ያለፈች የጣት ርዝመት ያላት ጠባብ ቀዳዳ አለች። ከሥሯ ቁልፍ ያለው ትንሽ ሣጥን ተንጠልጥሏል። በእውነተኛው ካዚኖ ጠረጴዛ ላይ ስላለች እነርሱም ጨመሯት። «ለምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ «ለሻይና ለመብራት ያህል ከየዙሩ ትንሽ ይቆረጣል» የሚል መልስ ተሰጠኝ።

ሒሳቡን በወረቀት እንሥራው። ስምንት ሰዎች እያንዳንዳቸው 200 ሼቄል ይዘው ቢቀመጡ ጠረጴዛው ላይ 1,600 ሼቄል አለ። በአንድ ዙር መሃል ላይ የሚከማቸው በአማካይ 80 ሼቄል ነው እንበል። ቤቱ ከመቶ 5 ቢቆርጥ 4 ሼቄል ይሆናል። 4 ሼቄል ማንንም አያስኮርፍም። ነገር ግን በሰዓት 25 ዙር ቢጫወቱ 100 ሼቄል፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ ለ6 ሰዓት ቢቀመጡ 600 ሼቄል ሆነ። ከ1,600 ውስጥ 600ው ማንም ሳያሸንፈው በቀዳዳዋ ገባ ማለት ነው። በሳምንት ሁለት ሌሊት ከተጫወቱ 1,200፣ በአራት ሳምንት 4,800 ሼቄል ይሆናል። ለስምንት ሲካፈል እያንዳንዱ ሰው በአማካይ 600 ሼቄል ለወንድሙ ጠረጴዛ ኪራይ ከፈለ። ከእነርሱ መካከል አንድ ሁለቱ የሚኖሩት በቢቱዋሕ ሌኡሚ አበል ነው። የዚህን ያህል ሻይ የሚጠጣ ሰው አላውቅም።

ካዚኖም የሚበላው በዚሁ መንገድ ነው፤ የሚለየው መጠኑ ብቻ ነው። የአውሮፓውን ሩሌት እንውሰድ። ከ0 እስከ 36 ድረስ 37 ቁጥሮች አሉት፤ አንድ ቁጥር ሲወጣ ግን የሚከፈለው 35 እጥፍ ነው። አንድ ሰው በ37ቱም ቁጥሮች ላይ 10፣ 10 ሼቄል ቢያስቀምጥ 370 ሼቄል ያወጣል፤ በእርግጥ ያሸንፋል፤ የሚመለስለት ግን ያስያዘው 10 ሼቄል ተጨምሮ 360 ነው። ሁልጊዜ እያሸነፈ በየዙሩ 10 ሼቄል ይከስራል። በአሜሪካ ሩሌት ሁለት ዜሮ ስላለ ኪሳራው እጥፍ ገደማ ይሆናል። እዚህ ላይ መታደል፣ ጸሎት፣ የልደት ቀን ቁጥር ቦታ የላቸውም። የቤቱ ድርሻ አስቀድሞ በእንጨቱ ላይ ተቀርጿል።

ሩሌቱን ራሱን በቤት ለመሥራት የሞከረ ሰው እንዳለም ሰምቻለሁ፤ ይህ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። መንኮራኩሩ በጥቂቱ ካዘመመ አንዳንድ ቁጥሮች ከሌሎቹ ይልቅ ይደጋገማሉ። በ19ኛው መቶ ዘመን ጆሴፍ ጃገር የተባለ እንግሊዛዊ በሞንቴ ካርሎ ካዚኖ እንዲህ ያለውን ጉድለት በትዕግሥት መዝግቦ ብዙ ገንዘብ ወስዷል። ካዚኖው መንኮራኩሩን አስተካክሎ ሥራውን ቀጠለ። በእኛ ሳሎን ግን መንኮራኩሩ ሲያዘም የሚታረመው በጡጫ ነው፤ «አውቀህ ነው ያጣመምከው» ይባላል፣ ከዚያ ወዲያ በሐዘንም በደስታም አይገናኙም።

ሕጉንም ማወቅ ያስፈልጋል። በ1977 የወጣው የእስራኤል የወንጀል ሕግ ገንዘብ የሚገኝበትን፣ ውጤቱም ከማስተዋልና ከችሎታ ይልቅ በዕድል ላይ የቆመውን ጨዋታ የተከለከለ ጨዋታ ይለዋል። ፖከር ችሎታ ነው የሚሉ አሉ፤ ክርክሩን ለጠበቆች ልተወው። ጨዋታውን ያዘጋጀ፣ ቦታውንም የያዘ ሰው እስከ 3 ዓመት፣ የተጫወተ እስከ 1 ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል። ሕጉ የጨዋታ ቦታ የሚለው በልማድ የሚጫወቱበትን ቤት ነው፤ ለሕዝብ ክፍት ይሁን ወይም ለተወሰኑ ሰዎች ብቻ፣ ለሌላ ጉዳይም ያገልግል ለውጥ የለውም። ስለዚህ «ሳሎኔ ነው፣ ልጆቼም ይበሉበታል» ማለት ከተጠያቂነት አያድንም። በሌላ በኩል ያው ሕግ ለመዝናናት የሚደረገውን ይለያል። ጨዋታው ለታወቁ ሰዎች ክበብ ብቻ ከሆነ፣ ከመዝናኛ ካላለፈ፣ የቁማር ቦታ በሆነ ቤት ካልተካሄደ አይቀጣም። እንግዲህ ያቺ ቀዳዳ ምን እንደምታደርግ አስቡ። አንድ ወዳጆቹን የሚጋብዝ ባለቤትን ከወዳጆቹ የሚነግድ ሰው ታደርገዋለች። ጨርቁና ስፖንጁ ማንንም ወንጀለኛ አያደርጉም።

«መንግሥትስ?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እውነታቸውን ነው። ሚፋል ሀፓይስ ከ1951 ጀምሮ ሎተሪ ይሸጣል፤ ሲጀመር የቴል አቪቭ ማዘጋጃ ቤት ሆስፒታል የሚሠራበትን ገንዘብ ለማሰባሰብ ነበር። በስፖርት ውርርድ ላይ ያለው ሕግ የ1967 ነው፤ ቶቶ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። በየሠፈራችን ዳስ ተተክሏል፣ ሰዉም ጠዋት ጠዋት በእርሳስ ቁጥር ሲሞላ ይታያል። የዕድል ማሽኖቹ እንኳ ከድሆች ሠፈር እንዲነሡ የተወሰነው በ2016 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ስንቱን ቤት እንደበሉ እኛ በሥራችን አይተናል። በሎተሪው ገንዘብ የመማሪያ ክፍሎች ይሠራሉ መባሉም እውነት ነው፤ ክፍሉን የሚሠራው ግን ከማን ኪስ በወጣ ገንዘብ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን መንግሥት ያጠፋውን እኛም በወንድሞቻችን ላይ እንድንደግመው ፈቃድ አይሆነንም።

ኢያሪኮ ውስጥ በመስከረም 1998 ተከፍቶ የነበረውን ካዚኖም የሚያስታውሱ አሉ። ደንበኞቹ በአብዛኛው ከእስራኤል የሚሄዱ ነበሩ፤ በጥቅምት 2000 ሁከቱ ሲነሣ ተዘጋ። ያን ጊዜ ቁማርተኛ መሄድና መመለስ ነበረበት። መንገዱ፣ ድካሙ፣ የሚያውቁት ሰው ያየኛል የሚለው ፍርሃት ጥቂት ያቅቡት ነበር። ጠረጴዛው ሳሎን ሲገባ ግን ልጓሙ ሁሉ ይወልቃል። ከመኝታ ቤት እስከ ወንበር ዐሥር እርምጃ ነው።

ጀቶኑም ሌላ ነገር ነው። ሰው የ200 ሼቄል ብር ከኪሱ ሲያወጣ እጁ ይከብደዋል፤ ወደ ቀይና ሰማያዊ ፕላስቲክ ሲቀየር ግን ገንዘብነቱ ይረሳል። ካዚኖዎች ይህን አውቀው ነው የሚጠቀሙበት። አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ከቀዩ ይልቅ ጥቁሩ እንደሚበልጥ ሲነግረኝ ሰምቻለሁ። መቁጠር የተማረው ከዚያ ነው። መምህርቷ በሒሳብ ጎበዝ ነው አለችኝ፣ እኔም ዝም አልኩ።

ስለ እናቶች ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ጨዋታ ባለበት ሌሊት ሚስት አትተኛም። እንግዳ ነውና ዳቦ ይቆረሳል፣ ቡና ይፈላል፣ የሲጋራው ሽታ ልጆቹ ክፍል ይገባል። በጠዋት ተነሥታ ለጽዳት ሥራዋ አውቶቡስ የምትይዘው እርሷ ናት። ከሣጥኑ የወጣውን ገንዘብ አይታ የምታውቅ ሴት ግን በሦስቱም ቤት አላገኘሁም። ባልየው በሌላ ሌሊት በሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ያሳልፈዋል። በሌላው ወገን ደግሞ የተሸናፊው ሚስት አለች። የዕቁቧ ዕጣ ወጥቶላት ለልጇ ባር ሚፅቫ ያስቀመጠችው ገንዘብ አንድ ሌሊት ሄደ። ባሏ ያሸነፈውን ሰው አላማም፤ የአክስቱ ልጅ ነው። ባንኩ ሚኑስ ሲሞላ ወደ ሹክ አፎር ይኬዳል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ።

ሚሽና በሳንሄድሪን ክፍል ምዕራፍ 3 ቁማርተኛን ለምስክርነት ከማይበቁት ጋር ይቆጥረዋል። ሊቃውንቱ ምክንያቱን ሲመረምሩ አንዱ ወገን፣ ሰው ገንዘቡን ሲያስይዝ አሸንፋለሁ ብሎ እንጂ ሊሰጥ ቆርጦ አይደለምና፣ የሚወሰድበት ነገር ስርቆት ይመስላል ይላል። ከሃይማኖቱም ባሻገር ይህ የሰውን ልብ የሚያውቅ አነጋገር ነው። የአክስቱ ልጅ የወሰደበትን ገንዘብ ያ ሰው እስከ ዛሬ እንደተሰጠ አድርጎ አይቆጥረውም።

ስለዚህ ጠረጴዛ ለሠሩ ሰዎች የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ጠረጴዛውን ስበሩት አልልም። ቀዳዳዋን ግን ድፈኗት፤ ለሠለጠነ እጅ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። በእንጨት ቁራጭ ከሙጫ ጋር ሞልቶ ማለስለስ፣ ጨርቁን መቀየር። ሻይ ለእንግዳ የምናቀርበው በነጻ ነው፤ መብራቱም ቢሆን የአንድ ሌሊት ዋጋው ትንሽ ነው። ከዚያም በገንዘብ ፋንታ በለውዝ ወይም በቡና ፍሬ ተጫወቱ። ያን ጊዜ ማን ለጨዋታው ሲል እንደሚመጣ፣ ማን ለገንዘቡ እንደሚመጣ በሁለት ሳምንት ታያላችሁ። ሌላው ደግሞ፣ ለጨርቁ ልክ የሆነ የእንጨት ክዳን ብትሠሩለት ዐሥር ሰው የሚበላበት የሰንበት ገበታ ይወጣዋል። ባለሙያ ለሆናችሁም አንድ ቃል፤ ሰው ጠረጴዛ ሥራልኝ ብሎ ሲመጣ ቀዳዳ ያለው ይሁን ካላችሁ፣ ለምን እንደፈለገው ጠይቁት።

ሽማግሌዎቻችንም ከባልና ሚስት ጠብ ሲያስታርቁ «ታገሺው» ከማለታቸው በፊት ስለ ካርታው ቢጠይቁ ጥሩ ነው። የቁማር ሱስ በሽታ መሆኑ ታውቋል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው መጽሐፍ ከመጠጥና ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ጋር አንድ ላይ መድቦታል። እንደ ሌላው ሱስ ሁሉ በምክርና በቡድን ይታከማል እንጂ በማስማልና በማሳፈር አይድንም። አንድ ሰው ማለ ተብሎ ከተመለሰ በኋላ ተደብቆ የሚጫወትበትን ጊዜ ነው እኛ አብዝተን የምናየው።

ለመጀመር የሚፈልግ ሰው በሚኖርበት ከተማ ያለውን የራቫሃ ቢሮ መጠየቅ ወይም የሚኒስቴሩን 118 መደወል ይችላል። የቁማርተኞች የመረዳጃ ቡድኖችም በአገሩ አሉ፤ እዚያ ስም አይጠየቅም። ባል እምቢ ቢል ሚስት ብቻዋን መምጣት ትችላለች፤ ብዙ ጊዜም የሚጀመረው እንደዚያ ነው። ስትመጣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት የባንክ ወረቀት ይዛ ብትመጣ፣ የቼኩም ደብተር ካለ ጨምራ፣ ለመጀመሪያው ስብሰባ ይበቃል።