የምርጫ ወጪና የማኅበር ካዝና

በኢሉባቦር የቡና ገንዘብ በገበሬው እጅ የሚገባው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት የለቀማ ወራት ነው። ግንቦትና ሰኔ ግን ከመቱ እስከ ጎሬ፣ ከሁሩሙ እስከ ያዮ ያለው ገበሬ ለዘርና ለማዳበሪያ የሚያወጣበት፣ እጁም የሚያጥርበት ጊዜ ነው። የሀገሪቱ ጠቅላላ ምርጫዎች የዋሉትም በዚሁ ወቅት ነው፤ የ1997ቱ ግንቦት 7፣ የ2002ቱ ግንቦት 15፣ የ2007ቱ ግንቦት 16፣ የ2013ቱ ሰኔ 14 ቀን ተካሂደዋል። በዚህ ወቅት የሚሰጥ ትንሽ ስጦታ ከባድ ሚዛን ይደፋል። ስለሆነም ስለ ምርጫ ገንዘብ የሚደረገው ክርክር ለከተማ ፖለቲከኞች ብቻ የሚተው ሳይሆን የገበሬ ማኅበር መሪዎችም ጉዳይ ነው።

ገንዘብና ምርጫ መያያዝ የጀመሩት ዛሬ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። ፓርቲም ስላልነበረ ዕጩው ወጪውን የሚሸፍነው ከራሱ ኪስ ነበር። ጭሰኛው ባለርስቱን ከመምረጥ በቀር ለመመረጥ በሩ ተዘግቶበት ቆየ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬውን በ20 ጋሻ መሬት ክልል በማኅበር ሲያደራጅ፣ ከ10 ሄክታር በላይ መሬት የነበራቸው ሰዎች ድልድሉ እስኪፈጸም አባል እንዳይሆኑ ከለከለ። ዓላማውም ሀብት የማኅበሩን ወንበር እንዳይዝ ነበር። በ1979 ዓ.ም. በተካሄደው የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ደግሞ ዕጩዎቹ በአንድ ፓርቲ ወንፊት ያለፉ ስለነበሩ መራጩ የፓርቲ አማራጭ አልነበረውም።

አሁን ያለው ሕግ መሠረቱ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1162 ነው። በዚህ አዋጅ ፓርቲዎች ከአባላት መዋጮ፣ ከኢትዮጵያውያን ልገሳና ከመንግሥት ድጋፍ ገቢ ያገኛሉ። ከውጭ ዜጋና ከውጭ ድርጅት፣ ከሃይማኖት ተቋም፣ ምንጩም ካልታወቀ ሰው ገንዘብ መቀበል ክልክል ነው። ሒሳባቸውንም በኦዲተር አስመርምረው ለምርጫ ቦርድ ማቅረብ አለባቸው። በ2017 ዓ.ም. አዋጁን ለማሻሻል ረቂቅ በቀረበ ጊዜ ቦርዱና ፓርቲዎች ብዙ ተከራክረዋል።

ይሁን እንጂ በገጠር ቀበሌ ትልቁ የምርጫ ወጪ በፓርቲ ሒሳብ መዝገብ ላይ የማይጻፈው ነው። የቀበሌው አዳራሽ ለአንዱ ተከፍቶ ለሌላው ሲቆለፍ፣ የወረዳው መኪና የፓርቲ ቀስቃሽ ሲያጓጉዝ፣ የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበር ትርፍ ለምርጫ ድግስ ሲወጣ፣ የማዳበሪያው ስም ዝርዝር ከድምፅ ጋር ሲያያዝ፣ ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው። የአዲስ አበባ ኦዲተር አያየውም፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር ግን ያየዋል።

አንዳንዶች «ቀበሌው የመንግሥት አካል ነው፤ መንግሥት የመሠረተውን ፓርቲ ቢያግዝ ምን ነውር አለው?» ይላሉ። መንግሥትና ፓርቲ ግን ሁለት ናቸው። አዳራሹ የተሠራው ሁሉም ገበሬ ባዋጣው ገንዘብና ጉልበት፣ መኪናውም የተገዛው ሁሉም በከፈለው ግብር ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበር ትርፍም የአባላቱ ነው፤ ከአባላቱ ጠቅላላ ጉባኤ ውጭ ሊቀ መንበሩም ሆነ ገንዘብ ያዡ ለማንም ሊያድለው አይችልም።

ስለ ድግስም ቢሆን የገበሬው ባህል መዘንጋት የለበትም። ሰው የበላበትን ወጪት መስበር ነውር ነው ብሎ ያድጋል። በሬ ታርዶለት የበላ መራጭ ካርዱን ሲይዝ ይህ ይሉኝታ ይይዘዋል። መሪዎች ለአባላቱ ደጋግመው ማስረዳት የሚገባቸው፣ ድምፅ በምስጢር የሚሰጥ መሆኑንና በድግስ ዕዳ የማይከፈል መሆኑን ነው።

የገንዘብ ሥርዓት ብቻውን ግን ምርጫን አያቃናም። በ2013 ዓ.ም. ኦፌኮና ኦነግ ጽሕፈት ቤቶቻቸው መዘጋታቸውንና አባሎቻቸው መታሰራቸውን በምክንያትነት አቅርበው ከውድድሩ ወጥተዋል። ተወዳዳሪ በሌለበት የዘመቻ ወጪ ቢቆጠርም ባይቆጠርም ለመራጩ ልዩነቱ ጥቂት ነው። በመሆኑም መድረኩን ለሁሉም እኩል መክፈት ገንዘቡን ከመቆጣጠር ተነጥሎ መታየት የለበትም።

ከዚህ አኳያ የማኅበር መሪዎች ምርጫው ከመድረሱ በፊት ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ አለ። የአዳራሹን ተራ በግልጽ ጽፈው በበሩ ላይ ይለጥፉ። የማዳበሪያ ክፍፍሉን ስም ዝርዝር በአባላት ፊት ያንብቡ። የኅብረት ሥራ ማኅበሩን ካዝና ከዘመቻው በፊትና በኋላ በቁጥጥር ኮሚቴ ያስቆጥሩ። ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ባሉት አራት ቀናት ቅስቀሳ ክልክል መሆኑንም ያሳውቁ። ሕጉ በአዲስ አበባ ይወጣል፤ የሚከበረው ወይም የሚጣሰው ግን የአዳራሹ ቁልፍ በተያዘበት በገጠሩ ቀበሌ ነው።