ጤናችን፦ ዛፍ ጭስ ይጠጣል?

ባለፈው ሳምንት ከጠጠር መንገድ ዳር ካለ አንድ ግቢ ገብቼ ነበር። በአጥሩ ዙሪያ ወይራና ጽድ ተተክሏል። አባወራው ዛፎቹን እያሳዩኝ፣ «እነዚህ አየር ያጣሩልኛል። ጭስም ይጠጣሉ» አሉኝ።

ባለቤታቸው ከማድቤት ሆነው እየሳሉ፣ «ታዲያ የኔን ጭስ ለምን አይጠጡልኝም?» አሉ።

ሁለቱም እውነት አላቸው። እንዴት?

በበጋ ወራት እርጥብ ነጭ ጨርቅ ይያዙ። የመንገድ ዳር ዛፍ ቅጠል ይጥረጉበት። ጨርቁ ይቆሽሻል። ቅጠሉ ባይዘው ኖሮ ከዚያ አቧራ ከፊሉ ቤት ይገባ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ቅጠሉን ያጥበዋል፤ አቧራውም መሬት ይወርዳል። ሻካራ ቅጠል ብዙ አቧራ ይይዛል። ለስላሳው ቶሎ ያራግፈዋል። ወይራና ጽድ በበጋም ቅጠላቸውን አያረግፉም። አቧራ የሚበዛውስ በበጋ አይደል?

ደግሞም ቅጠል ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉት። በነሱ አየር ያስገባል። በመኪና ጭስ ውስጥ ካለው መርዛም አየርም ጥቂቱ አብሮ ይገባል። ጥቂቱ ነው ያልኩት። አንድ ዛፍ ብቻውን ብዙ አይሠራም። ስለዚህ በመንገዱና በቤቱ መካከል ጠጋ ጠጋ አድርገው ይትከሉ። ከሥሩም ቁጥቋጦ ይኑር፤ አለዚያ አቧራው በግንዶቹ መሃል ሾልኮ ያልፋል።

የምድጃ ጭስ ግን የሚነሳው ከቤት ውስጥ ነው። ዛፉ ዘንድ ሳይደርስ እናት ትተነፍሰዋለች። በጀርባዋ ያዘለችው ልጅም ይተነፍሰዋል። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ሕፃናትን ለሳንባ ምች ያጋልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው፣ በፈረንጆች 2020 ዓ.ም. በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት ሞተዋል። ከነሱ ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት 5 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው።

እንጨቱ ደርቆ ይንደድ፤ እርጥብ እንጨት ጭሱ ይበዛል። ምድጃው ጭስ ማውጫ ይኑረው። ጣሪያው የሣር ከሆነ ቱቦው ሣሩን እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ጭስ ማውጫው እስኪሠራ በርና መስኮት ይከፈት። ሕፃኑም ከእሳቱ ራቅ ይበል።

አባወራው ይህን ሰምተው ዝም አሉ። ኋላ ማድቤት ገብተው ቆርቆሮውን ቀና ብለው አዩ።

«በየት በኩል ይቀደድ?» አሉ።

«ከምድጃው በላይ ነዋ!» አሉ ባለቤታቸው።