ሃሪ ጄምስን በ1941 አትቅበሩት

የመለከተኛው የሃሪ ጄምስ ስም ሲነሣ የብዙዎች ምላስ የሚሮጠው እ.ኤ.አ. በ1941 ወደ ቀዳው፣ በቫዮሊኖች ወደ ታጀበው «ዩ ሜድ ሚ ላቭ ዩ» ነው። ከዚያ ወዲያ የሠራውንማ «የካውንት ቤሲ ግልባጭ» ብለው ይዘጉታል። ጆሮውን ያልሰጠ ሰው ፍርድ!

እርግጥ ነው፣ በ1950ዎቹ ለቤሲ ባንድ ይጽፍ የነበረውን ኧርኒ ዊልኪንስን አዲስ ቅንብር አጽፎታል። ታዲያስ? መለከቱ እንደሆነ ያው ነው፤ በሰርከስ ባንድ ያደገ ልጅ ድምፅ፦ ሰፊ፣ የሚርገበገብ፣ አንዳንዴም (ምን ይደበቃል) ከልክ በላይ የጣፈጠ። በ1941 ቫዮሊኖቹ በማሩ ላይ ስኳር ይነሰንሱበት ነበር። አዲሱ ቅንብር ግን ቫዮሊኖቹን አሰናብቶ ሳክስፎኖቹን ተሟጋች አደረገለት፤ እርሱ ሲያባብል እነርሱ አጭርና ደረቅ መልስ ይመልሱለታል። ጣፋጩም ልኩን አገኘ።

ናፍቆት የያዘው አሮጌውን ሸክላ ይስማ፣ የከለከለው የለም። ሰውየውን ግን በ25 ዓመቱ ላይ እንዲቆም የሚፈርድበት ማን ነው? በ1976፣ በ60 ዓመቱ፣ «ዘ ኪንግ ጄምስ ቨርሽን»ን ሲቀዳ ድምፁ በቴፕ ሳያልፍ በቀጥታ በሸክላው ላይ ይቀረጽ ነበር። መቀጠል፣ መቁረጥ፣ ማረም የለም። የሸክላው አንዱ ገጽ እስኪያልቅ ባንዱ ሳያቋርጥ ይጫወታል። «አብቅቶለት ነበር» የሚሉን እስቲ ከዚያ ሸክላ ውስጥ ያበቃበትን ቦታ ያሳዩን።