በ22 ሺህ ገዝቶ በ38 ሺህ መሸጥ ኪሳራ ሲሆን

ባለፈው ሳምንት ቴሌግራሜ ላይ አንድ መልእክት ገባ። «ወንድም፣ ያቺ ድሮን አለች? 38 ሺህ፣ ካሽ፣ ዛሬውኑ።» ሰውየውን አላውቀውም፤ ስሜን የሰጠው የጓደኛዬ ጓደኛ ነው። እኔ ደግሞ ድሮኗን ከነመኖሯም ረስቻት ነበር ማለት ይቻላል። ከመሳቢያ አውጥቼ አቧራዋን ጠረግኩና ቁጭ ብዬ አየኋት። የገዛኋት በ22 ሺህ ነው። አምስት ዓመት ተጠቅሜባት 16 ሺህ ብር ትርፍ? መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ኧረ ቶሎ ሽጥ!» የሚል ነበር። ሁለተኛው «እንዲህ ከተወደደች ደግሞ ትንሽ ትቆይ» የሚል ነው። ሂሳቡን በወረቀት ስሠራው ግን ሁለቱም ሐሳቦች የተሳሳተ ምክንያት ላይ የቆሙ ሆነው አገኘኋቸው።

ይህን የምጽፈው ስለ አንዲት ድሮን ብቻ አይደለም። አሮጌ ስልክ፣ ፕሌይስቴሽን፣ ካሜራ፣ ላፕቶፕ ይዞ «ልሽጥ ወይስ ላቆይ» የሚል ጓደኛ የሌለው ማን አለ? ብሩ በየጊዜው በሚረክስበት አገር ይህ ጥያቄ ትንሽ የሚመስል ትልቅ የኢኮኖሚ ጥያቄ ነው።

ትርፉ የት አለ?

መጀመሪያ ዕቃዋን ላስተዋውቃችሁ። የዲጄአይ ኩባንያ ማቪክ ሚኒ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ገበያ የወጣችው ዓይነት። ክብደቷ 249 ግራም ነው፤ እጃችሁ ላይ ካለው ስልክ ብዙም አትበልጥም። በጥር 2013 ስገዛት ሁለተኛ እጅ ብትሆንም አዲስ ነበር የምትመስለው። ዛሬ ከሦስቱ ባትሪዎች አንዱ አብጧል። ሁለተኛው ሲወጣ 30 ደቂቃ ያበራል ተብሎ የተነገረለት ቢሆንም አሁን 11 ደቂቃ ሲሞላው «አውርደኝ» ማለት ይጀምራል። አንዱ ክንዷ በሱፐር ግሉ የተያዘ ነው። ኢንሹራንስ? የላትም፤ ኖሯትም አያውቅም።

አሁን ወደ ሂሳቡ። በጥር 2013 አንድ ዶላር በባንክ 39 ብር አካባቢ ነበር። 22 ሺህ ብር ማለት ወደ 564 ዶላር ማለት ነው። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 መጣ። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ዛሬ ሂሳቡን በ150 ብር ብንሠራው 38 ሺህ ብር 253 ዶላር ገደማ ነው። ማለትም «አተረፍኩ» ያልኩባት ዕቃ በዶላር ሲታይ ከግማሽ በላይ ዋጋዋን አጥታለች።

«እኔ ዶላር አልበላም» ካላችሁኝ በምንከፍለው ነገር እንለካው። ድሮኗን ስገዛ የአንድ ክፍል ቤት ኪራዬ በወር 3,500 ብር ነበር። 22 ሺህ ብር ከስድስት ወር በላይ ያኖረኝ ነበር። አሁን ኪራዬ 10 ሺህ ነው። 38 ሺህ ብር አራት ወር አይሞላም። ብሩ በዛ፤ ቤቱ አነሰ። በኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ ይህን «የገንዘብ ቅዠት» ብለን ተምረነዋል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ሀብቱ የጨመረ መምሰሉ። ፈተና ላይ በትክክል የመለስኩት ጥያቄ ነው። ቴሌግራም ላይ ሲመጣ ግን ወደቅኩበት።

«ብር ከመያዝ ዕቃ መያዝ»

እንግዲህ ላቆያት? የሰፈራችን ጥበብ ይህን ይላል፤ ብር ከመያዝ ዕቃ መያዝ። ሰው ይህን የሚለው ዝም ብሎ አይደለም። ከጥቅምት 2010 ጀምሮ የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነው። በነዚህ ዓመታት ውስጥ የዋጋ ንረቱ 30 በመቶ አልፎ ያየንባቸው ጊዜያት ነበሩ። 100 ብር አስቀምጦ በዓመቱ 107 ብር የሚቀበል ሰው፣ 100 ብር የነበረው ዕቃ 130 ከገባ፣ ቆጥቦ ደኸየ ማለት ነው። ስለዚህ ሰው መሬት፣ ወርቅ፣ መኪና ይገዛል። ሞኝነት አይደለም።

ችግሩ «ዕቃ» ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ከውጭ የሚገባ ዕቃ እዚህ የሚኖረው የብር ዋጋ በሁለት ነገር ይወሰናል፤ ዕቃው በዓለም ገበያ ስንት ዶላር ነው፣ አንድ ዶላር ስንት ብር ነው። ወርቅ ላይ የመጀመሪያው እንደ ኤሌክትሮኒክስ እያረጀ አይወርድም። ድሮን፣ ስልክና ላፕቶፕ ላይ ግን በየዓመቱ ይወርዳል። ከእኔዋ በኋላ ሚኒ 2 በ2020፣ ሚኒ 3 ፕሮ በ2022፣ ሚኒ 4 ፕሮ በ2023 መጥተዋል፤ እ.ኤ.አ. ነው የምቆጥረው። እያንዳንዱ አዲስ ሞዴል የእኔዋን አንድ ደረጃ ወደ ታች ይገፋታል።

ስለዚህ ድሮኔ አሳንሰር ውስጥ ቁልቁል ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ናት። እሷ በራሷ ትወርዳለች፤ አሳንሰሩ፣ ማለትም የምንዛሪ ተመኑ፣ ወደ ላይ ይዟት ይወጣል። ከውጭ ለሚያይ ከፍ ያለች ይመስላል። አሳንሰሩ ዝግ ሲል ወይም ሲቆም ግን የሚቀረው ቁልቁለቱ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ባትሪ ሳይሠራበት ተቀምጦም ያረጃል። ማቆየት ነፃ አይደለም፤ መሳቢያ ውስጥ በየወሩ የሚከፈል ሂሳብ አለ፤ ደረሰኝ ስለማይመጣ ነው የማናየው።

ልብ የሚጠይቀው ዋጋ

እውነቱን ለመናገር ግን እጄን የያዘው ሂሳብ አይደለም። በዚህች ድሮን የአያቴን ግቢ ከላይ ቀርጬዋለሁ። ዋርካው፣ አውድማው፣ አያቴ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ወደ ሰማይ ሲያዩ። አሁን አያቴ የሉም። ድሮኗን ስሸጥ ያን ቀን የምሸጥ ይመስለኛል።

ሪቻርድ ቴለር የተባለው የኢኮኖሚክስ ባለሙያ (እ.ኤ.አ. በ2017 ኖቤል አግኝቷል) ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በሠራው ታዋቂ ሙከራ ለግማሾቹ ተማሪዎች የቡና ኩባያ ሰጠ፤ ለሌሎቹ አልሰጠም። ከዚያ ሻጭና ገዢ አደረጋቸው። ኩባያው በእጃቸው የገባ ተማሪዎች የጠየቁት ዋጋ ገዢዎቹ ሊከፍሉ ከፈለጉት እጥፍ ያህል ነበር። ያው ኩባያ ነው፤ «የኔ» ስለተባለ ብቻ ከበደ። የደቂቃዎች ኩባያ እንዲህ ካደረገ የአምስት ዓመት ድሮንማ!

መድኃኒቱ አንድ ጥያቄ ነው። ዛሬ እጄ ላይ 38 ሺህ ብር ካሽ ቢኖር፣ ገበያ ወጥቼ ክንዷ በሙጫ የተያዘ፣ 11 ደቂቃ የምትበር ድሮን እገዛበታለሁ? በፍጹም። የላፕቶፔ ስክሪን ግማሹ ጠቁሮ ይህን ጽሑፍ በግራ በኩል ጠቦ ባለ መስኮት ነው የምጽፈው። እንጀራዬ እሱ ነው። ደግሞ አያቴ ያሉት ድሮኗ ውስጥ አይደለም። ሃርድ ዲስኬ ላይ ናቸው፤ ቅጂውም እህቴ ዘንድ አለ።

ከወደቀችስ?

ኢንሹራንስ የላትም ያልኩትን ነገር ቀለል አድርጌ አልፌው ነበር። ለራሴም እንደዚያ ነበር የማልፈው። አምራቹ የሚሸጠው የጥገና ዋስትና ዕቃው አዲስ ሳለ የሚገዛ ነው፤ ለእኔ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። እዚህ የጠየቅኳቸው ሁለት ኢንሹራንሶች ደግሞ ለአንዲት የግል አሮጌ ድሮን ዋጋ ሊሰጡኝ አልቻሉም።

እዚህ ላይ ሁለት አደጋዎችን እንለይ። አንደኛው ድሮኗ ወድቃ መሰበሯ ነው። ያ ቢሆን 38 ሺህ ብር አጣለሁ፤ ያመኛል እንጂ አይገድለኝም። ሁለተኛው ሰው ላይ መውደቋ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2081 የመኪናና የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፣ ሌላ ሰው ቢይዘውም እንኳ፣ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይናገራል። ሕጉ «መኪና» ሲል ማሽንን ነው። በእኔ ንባብ አራት ሞተር ያላት የምትበር ዕቃ ከዚህ የምታመልጥበት ቀዳዳ አይታየኝም። ለመኪና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ግዴታ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

እንበል፣ በዓመት ውስጥ ሰው የመጉዳት ዕድሏ ከመቶ አንድ ቢሆንና ጉዳቱ 300 ሺህ ብር ቢያስከፍል። በአማካይ በዓመት 3,000 ብር ነው። ትንሽ ይመስላል፣ አይደል? ግን እኔ አማካዩን አልከፍልም። ወይ ምንም አልከፍልም፣ ወይ የሌለኝን 300 ሺህ እከፍላለሁ። ኢንሹራንስ የተፈጠረው ለሚያመን ኪሳራ አይደለም፤ ለሚጥለን ኪሳራ ነው። ጓደኞቼ «ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰርግ አከራያት፣ ትሠራልሃለች» ይሉኛል። አከራይቼ ሌላ ሰው ቢያበራት ኃላፊነቱ በእኔ ላይ ይቆያል። ጭራሽ አላበራትም ካልኩ ደግሞ አደጋው ዜሮ ይሆናል፤ ጥቅሟም እንዲሁ።

ድምፁ

በሂሳብ የማይገባ አንድ ነገር ቀረ። ስገዛት የሰሜኑ ጦርነት ከተጀመረ ሁለት ወር አልፎት ነበር። አዲስ አበባ ለተቀመጥን ልጆች ግን ያኔ ድሮን ማለት የሰርግ ቪዲዮ ነበር። ለማብረር ፈቃድ እንደሚያስፈልግም አልጠየቅኩም፤ የጠየቀኝም አልነበረም። ይህን በኩራት አልናገረውም።

ከሦስት ዓመት በፊት ከተማ ዳር አንድ ሰርግ ላይ አነሳኋት። ሙሽሮቹ ከድንኳኑ ሲወጡ ከላይ ልቀርጽ ነው። ከሰሜን የመጡ የሙሽራዋ ዘመዶች ነበሩ። ድምፁ ሲሰማ አንድ የስድስት ሰባት ዓመት ልጅ ጆሮውን ይዞ ጠረጴዛ ሥር ገባ። አንዲት እናት መጥተው ክንዴን ያዙኝ። አልተቆጡም። «አውርድልኝ ልጄ፣ ይኼን ድምፅ አልችለውም» አሉኝ። አወረድኳት። ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ባለበት አብርሬያት አላውቅም።

አንዱ የሚደሰትበት ነገር ሌላው ላይ የሚጥለውን ዋጋ በትምህርታችን «ውጫዊ ወጪ» እንለዋለን። ምሳሌው ሁልጊዜ የፋብሪካ ጭስ ነው። ከዚያ ሰርግ በኋላ ለእኔ ምሳሌው ጠረጴዛ ሥር የገባው ልጅ ነው። ከ2013 ወዲህ በብዙ የአገራችን ቦታዎች ድሮን የሚለው ቃል ትርጉሙ ተቀይሯል። እኔ «መጫወቻ ናት» ስላልኩ ከሥር ያለው ሰው መጫወቻ ሆና አትታየውም።

ለማን?

መሸጡን ወሰንኩ። ቀላሉ ነገር ይህ መስሎኝ ነበር። ለቴሌግራሙ ሰውዬ «ለምን ልትጠቀምባት ነው? ወረቀቷን ልላክልህ?» ብዬ ጻፍኩ። «ወረቀት ምን ያደርግልኛል፣ ብሩን ዛሬ ላስገባ?» አለኝ። እዚህ አገር ድሮን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጉዳዩ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር እጅ ያለበት የጸጥታ ጉዳይ ነው። እኔ ያለ ፈቃድ ማብረሬ አንድ ጥፋት ነው። ወረቀት ለማይፈልግ ሰው አሳልፎ መስጠት ደግሞ ሌላ፣ ከመጀመሪያው የከፋ ጥፋት ነው። ነገ የሆነ ቦታ ብትወድቅ የመለያ ቁጥሯ ወደ እኔ አካውንት ነው የሚመራው።

ሁለተኛ ገዢ አገኘሁ፤ ፈቃድ ያለው የቪዲዮ ስቱዲዮ። ባለቤቱ ድሮኗን ከማየታቸው በፊት የጠየቁኝ ስትገባ የተሰጠውን የጉምሩክ ወረቀት ነበር። ከሻጬ ተቀብዬ ፋይል ውስጥ አስቀምጬው ስለነበር አሳየኋቸው። ዋጋው ግን 31 ሺህ ነው፤ ያውም ስሙ በሕጋዊ መንገድ ከዞረ በኋላ የሚከፈል። «ልጄ፣ ክንዷ ተጣብቋል፤ እኔ ደግሞ ለመለዋወጫ ነው የምወስዳት» አሉኝ። ልክ ናቸው።

በ38 እና በ31 መካከል 7 ሺህ ብር አለ። ሁለት ቀን ያንገበገበኝ ይህ 7 ሺህ ነው። ከዚያ ምን እንደሆነ ገባኝ። አምስት ዓመት ያልከፈልኩት የኢንሹራንስ ክፍያ ነው። አሁን አንዴ ከፍዬው በሰላም ልተኛ ነው።

እናንተም መሳቢያችሁ ውስጥ ያለውን ዕቃ አውጡና ሦስት ነገር ጠይቁት። ዛሬ በዚህ ዋጋ እገዛሃለሁ? ባትሸጥ በሚመጣው ዓመት ዶላርህ ይወርዳል ወይስ ይቆማል? ብትጎዳ፣ ወይም ብትጎዳብኝ፣ ሂሳቡን መሸከም እችላለሁ? የገዛችሁበትን ዋጋ አትጠይቁት። እሱ ሄዷል፤ ተመልሶም አይመጣም።

ቅዳሜ ከስቱዲዮው ባለቤት ጋር ተቀጣጥረናል። አካውንቴን አላቅቄያለሁ፣ ሜሞሪ ካርዱን አውጥቻለሁ። ያበጠውን ባትሪ ከሽያጩ አስቀርቼዋለሁ፤ እሱ ለማንም የሚሸጥ ነገር አይደለም። 31 ሺህ ብር ለላፕቶፕ ግማሽ መንገድ ነው። ግማሹን እየጻፍኩ እፈልገዋለሁ።