ጓሳን ያቆየው መዘጋቱ ብቻ አይደለም

የተፈጥሮ ጥበቃ ሲነሣ በብዙዎቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ሰውንና ከብትን ከመሬቱ ማራቅ ነው። የመንዝ ጓሳ ታሪክ ግን ሌላ መንገድ ያሳያል። በሰሜን ሸዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የተንጣለለው ይህ የሣር ምድር ለዘመናት የኖረው ስላልተነካ ሳይሆን በሥርዓት ስለታጨደ ነው።

ሥርዓቱ ቄሮ ይባል ነበር፤ አመሠራረቱም እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን እንደሚደርስ ይነገራል። ባላገሩ በመረጠው አለቃ እየተመራ ጓሳውን ለተከታታይ ዓመታት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት፣ ከአጨዳና ከግጦሽ ይዘጋዋል። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፤ ክረምት ሲገባ ተመልሶ ይዘጋል። በታጨደው ሣር ቤት ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል፣ ለዝናብ የሚለበስ ጌሳ ይሠራል።

ይህን ሥርዓት በፊዚክስ ዓይን ብንመለከተው ትርጉሙ ይጎላል። በደጋው ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ሌሊት ውርጩ ይበረታል። ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለ ጓሳ በመካከሉ አየር አፍኖ ይይዛል፤ የማይንቀሳቀስ አየር ደግሞ ሙቀትን በቀላሉ አያስተላልፍም። ስለዚህ ከሣሩ ሥር ያለው አፈር እንደተራቆተ መሬት ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ ቶሎም አይደርቅም። በዚያም አይጦች ይጠለላሉ፤ እነርሱን ቀይ ቀበሮ ያድናል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ አንድ የጓሳ ጥናት መሠረት ቀበሮው ሣር በሚግጡ ጭላዳዎች መካከል ሆኖ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶ ያህሉ ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲያድን የሚሳካለት 25 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። የሁሉም ኑሮ ከሣሩ ጋር የተሳሰረ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ በኋላ ቄሮ የቆመበት የርስት ሥርዓት ሲፈርስ ጥበቃውም ላላ። ኅብረተሰቡ ግን ኋላ በራሱ ኮሚቴዎች ጥበቃውን መልሶ አቋቁሟል። ዛሬ የሚያሰጋኝ ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም የቆርቆሮ ክዳን መስፋፋት ነው። ቆርቆሮ ለገበሬው መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ሣሩ ጥቅም የማይሰጥ ከሆነ ባላገሩ ስለ ምን ብሎ ይጠብቀዋል?

በእኔ እምነት መፍትሔው ጓሳን ከባለቤቶቹ ነጥሎ ማጠር አይደለም። ከጎብኚ የሚገኘው ገቢ በቅድሚያ ለጠባቂዎቹ ሊደርስ ይገባል። የሳይንስ ፋኩልቲዎቻችንም የአፈሩን ሙቀትና እርጥበት ከባላገሩ ጋር እየለኩ፣ ሣሩ ስንት ዓመት ማረፍ እንዳለበት በጋራ ሊመረምሩ ይገባል። የሣሩን መድረስ አይቶ መክፈቻውንና መዝጊያውን የሚወስን ሰው የምርምራችን ተባባሪ እንጂ የመጠይቃችን መልስ ሰጪ ብቻ ሊሆን አይገባም።